ማኅተሙ የሸፈነው ጉንጭ

ባለፈው ወር፣ የአርባ ምንጯ ሲቀላ በሙቀት ልትቀልጥ በደረሰችበት አንድ ቀትር፣ ጠና ያሉ ሴት ወደ ፎቶ ቤቴ ገቡ። ጥቁር ዓባያ ለብሰዋል፣ ጣታቸው ላይ ወርቅ ብልጭ ይላል። ዓይኔ ዛሬም ከሰው በፊት ልብስ ማየት ይቀናዋልና «የዓረብ አገር ተመላሽ፣ ለፓስፖርት ነው» ብዬ ለጉርድ ፎቶ የማስቀምጥበትን ወንበር ሳብኩላቸው። እሳቸው ግን አልተቀመጡም። ከጉያቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱና አንድ ያረጀ የቀበሌ መታወቂያ ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩ።

«የልጄ ናት» አሉኝ። «በወሊድ ነው የሞተችው። እኔ ጅዳ ነበርኩ፣ አልቀበርኳትም። ሌላ ፎቶ የላትም። ይችን ማኅተም አንሥተሽ ታሳድጊልኛለሽ?»

እንዲህ ያለ ሥራ ለእኔ እንግዳ አይደለም። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ፎቶ ፍለጋ መታወቂያውን ይዞ ይመጣል። መነጽሬን አድርጌ አየሁት። የቀበሌው ሰማያዊ ማኅተም ከልጅቷ ግራ ዓይን ጀምሮ ጉንጯንና ግማሽ አፏን በልቶታል። የተረፈው ቀኝ ዓይኗ ቀጥ ብሎ ያየኛል። አወቅኋት። ያንን ፎቶ ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ሴትዮዋ ወሬያቸውን ቀጠሉ። «አንድ ጊዜ ጥሩ ፎቶ ተነስታ ልካልኝ ነበር። ይዛልኝ የምትመጣው ጎረቤታችን መንገድ ላይ ጣለችው አለችኝ በስልክ። ያችን ሴት እስከ ዛሬ ሰላም አልላትም! ከዚያ ወዲያ ልጄ ካሜራ ጠላች። ብለምናት፣ ብለምናት፣ ፎቶ ከእጅ ከወጣ የባለቤቱ አይደለም ትለኛለች።»

«ሰኞ ይምጡ፣ እማማ» አልኳቸው። እሳቸው ሲወጡ በሩን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ግድም ሲቀረው ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ሲቀላ፣ ከገበያው ፊት ለፊት፣ የጋሽ ዘውዴ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጋሽ ዘውዴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከካሜራቸው ይልቅ ሳላቸው የታወቀ ሰው ነበሩ። ፊልሙ ሲሞላ አዋሳ እንልከዋለን፣ ታጥቦና ታትሞ በሳምንቱ በአውቶቡስ ይመጣል። በልግ ሲገባና መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ ሁለት ሳምንት። ሰው እየተመላለሰ «ፎቶዬስ?» ይላል፣ እኛም «ዝናቡ ነው» እንላለን።

ያኔ የፎቶ ቤት ክብሩ መስኮቱ ነበር። ዛሬ ሰው ራሱን በስልኩ እያነሳ ራሱ ለዓለም ይበትናል። ያኔ ግን ሲቀላ ውስጥ ስምሽ እንዲነሳ ከፈለግሽ ወይ ኳስ ተጫዋች ማግባት ነው፣ ወይ ጋሽ ዘውዴ መስኮት ላይ መውጣት። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ጥርሳቸው ያማረ ኮረዶች በትልቁ ታትመው ከመስታወቱ ኋላ ይሰቀላሉ። ማንንም «እንስቀልሽ ወይ?» ብለን አንጠይቅም። ሰው ነው እንጂ የሚለምነን! አንዷ ሙሽራማ ፎቶዋን አውርደን የሌላ ስለሰቀልን ወር ሙሉ አኩርፋናለች። የማን ፎቶ እንደሚወጣ መምረጡን ጋሽ ዘውዴ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። «አስቴር ዓይን አላት» ይሉ ነበር። አቤት ዓይን!

ስለ ራሴም ልናገር፣ አለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። እኔ የጴንጤ ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ወንጌላዊ ነበሩ፣ ሱሪ የለበሰች ሴት ካዩ ምሳቸው አይዋጥላቸውም። ስለዚህ ጠዋት ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ስወርድ ቁርጭምጭሚቴን የሚሸፍን ጉርድ ቀሚስ ለብሼ ነው። ፎቶ ቤቱ ስደርስ መጋረጃው ጀርባ ገብቼ እጥለዋለሁ፣ ከሥሩ ጂንሴን ታጥቄያለሁ። ሲመሽ ቀሚሱን ደርቤ፣ ጨዋ መስዬ ዳገቱን እወጣለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ታዲያ ረጅም የለበሰች ሴት ሁሉ እንደ እኔ የምታወልቅበት ጥግ የምትፈልግ ይመስለኝ ነበር።

ሙኒራ መጀመሪያ የመጣችው ለዚሁ ለመታወቂያው ነው። ከዓይኖቿ በቀር ሁለመናዋ ጥቁር ሆኖ በሩ ላይ ቆመችና «ሴት አንሺ አለች?» አለች። ጋሽ ዘውዴ እያሳሉ ወጡልን። በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ እሷም ኒቃቧን ወደ ኋላ ጣለችው።

እውነቴን ነው፣ ካሜራውን ረሳሁት። ከዚያ ሁሉ ጥቁር ሥር የገረጣች፣ አንገቷን የደፋች ልጅ ነበር የጠበቅሁት። ያገኘሁት ግን ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን የነከሰች፣ ጠይም፣ ዓይነ ትልቅ ልጅ ነው። ከግራ ዓይኗ ሥር የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ አለች።

«ምነው? ጭራቅ ጠብቀሽ ነበር?» አለችኝ።

ለመታወቂያ ሁለቱም ጆሮ መታየት ስላለበት ሻሿን ከጆሮዋ ኋላ እንድታደርግ ነገርኳት። «ጆሮዬ ትልቅ ነው፣ ቀበሌው እንዳይደነግጥ» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። የጠባሳዋን ነገር ስጠይቃት እንደ ቀልድ ነገረችኝ። እናቷ ጅዳ በሄደች ሰሞን፣ ገና በአሥራ አንድ ዓመቷ፣ ለትንሽ ወንድሟ ድንች ስትጠብስ ዘይት ፈንጥቆባት ነው። «ለእማማ እንዳትነግሩ ብዬ ቤቱን ሁሉ አስማልኩ። ብትሰማ ሥራዋን ጥላ ትመጣለቻ!»

ከዚያ በኋላ ከኮምፒውተር ትምህርቷ ስትወጣ ጎራ ማለት ጀመረች። ጋሽ ዘውዴ ለምሳ ሲሄዱ በሩን እንዘጋና የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ አስጠቅልለን፣ ዳጣ በላዩ ደፍተን፣ ዓይናችን እያለቀሰ እንበላለን። ማንጎ በወረደ ጊዜማ ጠረጴዛው፣ ወለሉ፣ ካሜራው ሳይቀር ይጣበቃል። ሰው መምሰል ትችልበት ነበር። ጋሽ ዘውዴን ሆና ስታስል፣ ስትቆም፣ ቀበቶዋን ከፍ ስታደርግ፣ ሆዴን ይዤ ወለሉ ላይ እንከባለላለሁ። ውጪ ግን ሰው ሲያያት «ምስኪን፣ አባቷ አስገድዷት እኮ ነው» ይላል። እኔም እል ነበር።

አባቷ አቶ ሸምሱ ገበያው ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋት።

«አባትሽ ናቸው ያስለበሱሽ?»

«አባቴ?» ብላ ዓሣው ትን እስኪላት ሳቀች። «አባቴ እኮ አውልቂ እያለ በየቀኑ የሚነዘንዘኝ ነው! ቀይና ቢጫ ልሸጥ ተቀምጬ ልጄ ጥቁር ለብሳ ደንበኛ ታባርርብኛለች ይላል። እናቴም ብትሆን ሻሽ እንጂ ይህን አትለብስም። እኔ ነኝ የፈለግሁት። አላህን ብዬ፣ ደግሞም ደስ ብሎኝ።»

«ግን አይጨንቅሽም? እስር ቤት አይሆንብሽም?»

«ቤታችሁ በር አለው?»

«አዎ።»

«እስር ቤት ነው?»

«አይደለም» አልኩ። ግን አላመንኳትም። ላለማመን የፈለገ ሰው ምክንያት አያጣም፤ «ተለማምዳው ነው፣ የምትለውን አታውቅም» አልኩ በልቤ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር ብያችኋለሁ፣ የማላውቀው ነገር አልነበረም።

በልጉ ሊገባ ሲል ሙኒራ አንድ ጥቅል ይዛ መጣች። እናቷ ከጅዳ የላከችላት የሎሚ ቀለም ቀሚስ ነው። «ከአሥራ አንድ ዓመቴ ወዲህ አላየችኝም። ጎረቤታችን በወር ውስጥ ወደ ጅዳ ትመለሳለች፣ ፎቶ እሰድላታለሁ። ፀጉሬን ፈትቼ፣ እቤት እንደምሆነው ሆኜ ታንሺኛለሽ። ለእሷ ብቻ ነው» አለችኝ። «ለእሷ ብቻ» ማለቷን አስታውሳለሁ። እንዳልረሳው እግዜር ፈርዶብኛል።

ፏፏቴ የተሳለበትን መጋረጃ እምቢ አለች፣ «እናቴ ፏፏቴ ምን ያደርግላታል? እኔን ትይ» ብላ። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ ወረደ። ላነሳት ስል ከውጭ የጋሽ ዘውዴ ሳል ተሰማና ሳቋ አመለጣት። ያንን ሳቅ ነው ያነሳሁት።

ፎቶው ከአዋሳ ሲመጣ ለእናቷ የሚሄደውን ወሰደችና ለአሥር ቀን ወደ ምዕራብ ዓባያ፣ አክስቷ ዘንድ ሄደች። እኔ ግን ከፎቶው ጋር ሌላም አሳትሜ ነበር። በትልቁ፣ ከራሴ ደመወዝ። እሷ ባትሄድ ኖሮ ላሳያት ነበር። በነጋታው ግን ለጋሽ ዘውዴም ሳልነግራቸው መስኮቱ ላይ ሰቀልኩት።

ለራሴ የነገርኩትን ሁሉ አስታውሳለሁ። አንደኛ ነገር፣ ማን ያውቃታል? ፊቷን ያየ ሰው የለም። ደግሞ ሰው ሲያደንቃት ብትሰማ ልቧ ይነሳሳል፣ ያንን ጥቁር ትጥለዋለች። ውለታ የዋልኩላት መስሎኝ ነበር እኮ! ውስጥ ለውስጥ ደግሞ፣ ዛሬ አልደብቅም፣ መስኮቱ እንዲያምርልኝ ፈልጌያለሁ። አማረም። መንገደኛው እየቆመ «ይቺ ማናት? የአዲስ አበባ ልጅ ናት?» ሲል እኔ ከውስጥ ሆኜ ፈገግ እላለሁ።

ሦስት ቀን ቆየ። አራተኛው ቀን ገበያ ነበር። ከአቶ ሸምሱ ሱቅ ደጃፍ የሚሰፋ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መስኮቱ ፊት ቆመና ጮክ ብሎ «ይህችማ የዘምዘም ፊት ናት! የሸምሱ ልጅ ናት እንጂ!» አለ። ዘምዘም የሙኒራ እናት ናቸው፤ ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ሲሸጡ የኖሩ ስለሆነ ገበያው ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጅቷ ቁርጥ እናቷን መሆኗን እኔ በምን ልወቅ? ወሬው ከሙዝ ተራ እስከ መናኸሪያ ለመድረስ ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ከሰዓት በኋላ አቶ ሸምሱ መጡ። አልተቆጡም። ጨርቅ መለኪያ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ መስኮቱ ፊት ቆሙና «ልጄ፣ አውርጂልኝ» አሉኝ። አወረድኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሙኒራ ምንም ሳትሰማ ከምዕራብ ዓባያ ተመለሰች። መናኸሪያው ላይ ስትወርድ፣ እንደ ሁልጊዜው ተሸፍና፣ ወንድሟ ሻንጣዋን ሲቀበላት ባጃጅ የሚነዱ ልጆች አወቋት። «ሙኒራ! አይተንሻል እኮ! አሁን ምን ትሸፈኛለሽ? ፀጉርሽንም አይተናል!» እያሉ እስከ ሰፈሯ ድረስ ተከተሏት።

በማግስቱ መጣች። እንደ ልማዴ በሩን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ሳብኩ፣ ኒቃቧን እስክትገልጥ ጠበቅሁ። አልገለጠችውም። ለእኔም ተሸፈነች።

«ሌላ ሰው ቢሆን አይገርመኝም ነበር» አለች።

«ሙኒዬ፣ ቆንጆ ስለሆንሽ ነው። እንዲያዩሽ ብዬ ነው።»

«ቆንጆ መሆኔን የማላውቅ መሰለሽ? ቤታችን መስታወት አለ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «አስቴር፣ ፊቴን ያሳየሁሽ እኮ አምኜሽ ነው። አንቺ ምን መሰለሽ?»

ምን እላለሁ? የታሰርሽ መስሎኝ ነው ልበል? ይቅርታ፣ ይቅርታ አልኩ፣ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም። ኔጋቲቩን አምጪ አለችኝ፣ ትልቁንም ፎቶ። ጓሮ ወጥተን ከማንጎው ዛፍ ሥር የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ውስጥ አቃጠልናቸው። ኔጋቲቭ ሲቃጠል ክፉ ሽታ አለው፣ ጉሮሮ ይይዛል። ከዚያ ከቦርሳዋ ለእናቷ የሚሄደውን ፎቶ አወጣች።

«ኧረ ይህን እንኳ ተዪው! የእናትሽ ነው!»

«የእሷ ብቻ ነበር» አለች። «አሁን ግን አገር ካየው በኋላ ነው የሚደርሳት።» ጣለችው። ያ ሳቅ ከዳር ዳር ሲጠቀለል፣ ሲጠቁር አየሁት።

ልጆቹ አልተዋትም። በሄደችበት ሁሉ «አይተንሻል» ነው። ተሸፍና ስትሄድ ይስቁባታል፣ «ባዶ ኩራት» ይሏታል፤ ኮምፒውተር የምትማርበት ክፍል ሳይቀር። ያላደረገችው ነገር ጥፋት ሆኖ እሷ ላይ ተለጠፈ። ትምህርቷን አቋረጠች። ክረምቱ ሳይገባ ወራቤ አጎቷ ዘንድ ሄደች፣ እዚያው አገባች። አንድ ጊዜ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ስንተባተብ፣ ጨርቅ እየቀደዱ ቀና ሳይሉ እንዲህ አሉኝ፤ «እኔም አውልቂ ስላት ኖሬያለሁ። ብታወልቅ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ይግፈፍልኝ ግን አላልኩም።»

ሙኒራን ዳግም አላየኋትም። ጂንሴን ግን በዚያው ሰሞን ከሴቻ ጀምሮ ለብሼው መውረድ ጀመርኩ። አባቴ ሁለት ወር አላናገሩኝም፣ ከዚያ ለመዱት። የእኔ ጣጣ በሁለት ወር አለቀ። ጋሽ ዘውዴ ሲደክሙም ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ።

እንግዲህ ከመታወቂያው ጋር አራት ቀን ተፋጠጥኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አሳድጌ፣ ማኅተሙን ጠብታ በጠብታ አነሳሁት። ከሥሩ የተረፈ ነገር የለም፣ ቀለሙ ሁሉን በልቶታል። ሌላው ባለሙያ ቢሆን ቀኝ ጉንጯን ገልብጦ ግራው ላይ ይለጥፈዋል፣ ማን ይነቃበታል? እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከዚያ አየሁት፣ ሙኒራ አይደለችም። ከግራ ዓይኗ ሥር ያችን የምስር ፍሬ አስቀመጥኩ። አሁን እሷ ሆነች። አለቀስኩ።

ሰኞ እማማ ዘምዘም መጡ። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ ወሰዱት፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «እሷ ናት። ወላሂ እሷ ናት። አድጋ እንዲህ ነበረች?» ከዚያ በጣታቸው ነካ አደረጉት። «ይህ ምንድን ነው? ቆሻሻ ነው? ጥረጊልኝ። ልጄ ፊት ላይ ይህ አልነበረም።»

መጥረግ እችል ነበር። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሴትዮዋም አመስግነውኝ፣ መርቀውኝ ይሄዳሉ፤ ያቺ ጎረቤትም ፎቶ እንደጣለች ትቀራለች።

«ጠባሳ ነው፣ እማማ። እርስዎ በሄዱ ሰሞን ለወንድሟ ድንች ስትጠብስ ዘይት ፈንጥቆባት ነው። እንዳይሰሙ ብላ ቤቱን አስምላ ነበር።»

ቀስ ብለው ዞሩ። «አንቺ ይህን በምን አወቅሽ?»

ነገርኳቸው። ሁሉንም። መስኮቱን፣ ባጃጆቹን፣ ቆርቆሮውን። ጎረቤትዎ ምንም አልጣለችም፣ ፎቶው ከአርባ ምንጭ አልወጣም፣ ልጅዎ እኔን ላለማሳጣት ነው እንዲያ ያለችዎት አልኳቸው። ስናገር ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ጣታቸው ከጠባሳዋ ላይ አልተነሳም።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ።

«እኔ?» አሉ፣ ዓይናቸው ከፎቶው ሳይነሳ። «ይቅር የምትልሽ እሷ ነበረች።»

ከዚያ ኮምፒውተሩን በአገጫቸው አመለከቱኝ። «እዚያ ውስጥ አለች?»

«አለች።»

«እያየሁ አጥፊያት።»

አጠፋሁ። ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አዩ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጡ። ፎቶውን ከዓባያቸው ሥር፣ ደረታቸው ላይ ከተቱና ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። «ድንች ነበር ያልሽኝ?» አሉ። «አዎ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ገበያው ወረዱ።

የእኔ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ፎቶ ተሰቅሎ አያውቅም። ሰው ለምን ሲለኝ «ፀሐይዋ ታበላሸዋለች» እላለሁ፣ ይህን ስል ይኸው ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የአርባ ምንጭን ፀሐይ የሚያውቅ ሁሉ ያምነኛል። ትናንት አንዲት ተመራቂ ፎቶዋን ልትወስድ መጥታ «እትዬ አስቴር፣ ምናለ እኔን ብትሰቅዪኝ? መስኮትሽ እኮ ባዶ ነው» አለችኝ። ስለ ፀሐይዋ ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወንበሩን ሳብኩላትና «ተቀመጪ፣ ሙኒራ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ» አልኳት።